አርባ እርምጃ የሄደው ካስማ

ካስማው እግር አውጥቶ አርባ እርምጃ ሄዷል። ሴትዮዋ አላመነችም፤ ተመልሳ ቆጠረች። ያው አርባ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት የአፈር ባለሙያው ደረቁ ተዳፋት ላይ በድንጋይ ቀጥቅጦ የተከለው የአፈር ልኬት ምልክት፣ ዛሬ የድሮው በረት በነበረበት ጥቁር መሬት ላይ ኮራ ብሎ ቆሟል።

የመሬቱ ተጋሪ የሆኑት የሟች ባሏ ታላቅ ወንድም አጥሩን ተደግፈው ሰማይ ሰማዩን ያያሉ።

"ጋሼ፣ ይሄን ማን አመጣው?"

"እኔ ነኛ። ሰውየው የሚፈልገው ጥቁር አፈር አይደል? የሃያ ዓመት እበት እዚህ አለልሽ።"

ሴትዮዋ ሳቋን ዋጠች። ግጦሹን በሽቦ ስምንት ቦታ ከፍላ ከብቶቹን በተራ ማዛወር የጀመረች ሰሞን፣ ጋሼ ለሰፈሩ ሁሉ ሣር ቆልፋ ከብት ታስርባለች ሲሉ ነበር የከረሙት። ያረፈ ሣር ሥሩ እንደሚጠልቅ፣ ሥሩም ከአየር የተወሰደውን ካርቦን አፈር ውስጥ እንደሚያስቀር ብታስረዳቸው፣ አየር የሚቀበረው ምን ሆኖ ሞቶ ነው አሏት። ውላቸው ግን ቁርጥ ነበር፤ በሦስተኛው ዓመት ልኬት ካርቦኑ ካልጨመረ ሽቦው ይነሣል፣ መስኩም እንደ ድሮው ለከብቱ ሁሉ ይለቀቃል። ልኬቱ ደግሞ ዛሬ ነው።

"ታዲያ እርስዎ ሽቦው እንዲነሣ አልነበር የሚፈልጉት?"

"እሱማ ላሜ ወተት ከመጨመሯ በፊት ነው።"

"በረቱን ካስለካን የምናውቀው በረቱን ነው። እኔ የለፋሁት እዚያ ማዶ ነው።"

"ባይጨምርስ?"

"ሦስት ዓመት በእግሬ ስረግጠው የኖርኩት አፈር እኮ ነው ጋሼ። ይጨምራል።"

የባለሙያው ሞተር ሳይክል ከመንገዱ ተሰማ። ሴትዮዋ ካስማውን ነቅላ አርባውን እርምጃ መልሳ እየቆጠረች ወደ ተዳፋቱ ወጣች። የድሮው ቀዳዳ ሣር ውጦት ጠፍቷል። ጋሼ ያ መሬት ያኔ እንዴት ግትር እንደነበር ትዝ ብሏቸው መቀጥቀጫ ድንጋይ ፍለጋ ወረዱ። እንደ ሕፃን ታቅፈውት እያለከለኩ ሲመለሱ፣ ካስማው በመዳፏ ብቻ ተገፍቶ እስከ ወገቡ ገብቷል።

ጋሼ ካስማውን አዩ፤ ድንጋዩን አዩ። ከታች፣ በሽቦው በር ላይ፣ የገዛ ላማቸው ያረፈውን ሣር እያየች እምቧ ትላለች። ተራዋ ሊደርስ ዘጠኝ ቀን ይቀረዋል። ወርደው በሩ እንዳይከፈት ድንጋዩን አስደገፉበት።

"አንቺም ታገሺ" አሏት ላሟን።