ቀኝ ክንዴ ምን በደለ?

ሐኪሙ የልብስ ሰፊዋን ግራ ክንድ መብራቱ ሥር አገላብጦ አየና ቀኙን ሳብ አደረገ። ሁለቱም ጠርተዋል። ከክርን እስከ አንጓ ይዟቸው የነበረው፣ ባከኩት ቁጥር የሚደማው ችፌ ቦታው እንኳ በቅጡ አይታወቅም። ልብስ ሰፊዋ እጅጌያቸውን እያወረዱ አመስግነው ወጡ። በሩ አጠገብ ቆማ ስታይ የነበረችው ኬሚስት ግን ልቧ ዱብ አለ።

ሌላ ሰው ቢሆን ደስ ባለው። እሷ ግን እንዲድን የጠበቀችው አንዱ ክንድ ብቻ ነበር። እያንዳንዱ ታካሚ ሁለት ቱቦ ቅባት ተሰጥቶታል፤ ባለ ሰማያዊ ክዳኑ ለግራ ክንድ፣ ባለ ነጭ ክዳኑ ለቀኝ። በአንደኛው ውስጥ እሷ ከአንድ ቁጥቋጦ ቅጠል ለዓመታት ስትጨምቅና ስታጣራ የኖረችው መድኃኒት አለ፤ በሌላኛው ምንም ያልተጨመረበት ተራ ቅባት። የትኛው የቱ እንደሆነ ታካሚዎቹም፣ ሐኪሙም፣ እሷም አያውቁም። የሚያውቀው ቱቦዎቹን የሞላው ፋርማሲስት ብቻ ነው።

«እኚህ የመጨረሻዋ ታካሚ ነበሩ» አለ ሐኪሙ ጓንቱን እያወለቀ። «ሁሉም እንደዚሁ ናቸው፤ ሁለቱም ክንድ ድኗል። እውነቱን ልንገርሽ እህቴ፣ ቅጠልሽ ከተራው ቅባት የበለጠ የሠራው ነገር የለም።»

የተቋሙ ኃላፊ ውጤት ካልተገኘ የተክል ቤቱን ለሌላ ጥናት እንደሚሰጠው አስቀድሞ ነግሯታል። ቁጥቋጦዎቿ ይነቀላሉ ማለት ነው። ባሏ እንኳ «ጣውንቴ» እያለ የሚቀልድባቸው ቁጥቋጦዎች። እሑድ ውሃ ልታጠጣ ስትወጣ «ጣውንቴን ሰላም በይልኝ» ይላታል። ዛሬ ቤት ገብታ ምን ትለዋለች?

የሚጣለውን ልትለይ ታካሚዎቹ የመለሷቸው ቱቦዎች ያሉበትን ካርቶን አነሳች። ሰማያዊዎቹ ተጨምቀው ተጨምቀው፣ አንዳንዶቹ ሊያልቅ እንደደረሰ የጥርስ ሳሙና ከሥራቸው ተጠቅልለዋል። ነጮቹ እንደሞሉ ናቸው። ጭራሽ ያልተከፈቱም ነበሩባቸው። ካርቶኑን እንዳቀፈች ወደ ኮሪደሩ ወጣች።

ልብስ ሰፊዋ አልሄዱም። አግዳሚ ወንበሩ ላይ ከሌላ ታካሚ ጋር ወሬ ይዘዋል። ለአዲስ መጪ ሁሉ እንዴት እንደሚቀባ ሲያስረዱ ስለሚውሉ እዚያ ወንበር ላይ ስማቸው «አለቃ» ነው።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ አልቆጣም» አለች ኬሚስቷ። «ነጩን ይቀቡት ነበር?»

ልብስ ሰፊዋ የወንበር ጎረቤታቸውን አዩ። ጎረቤታቸው ጣሪያውን ማየት ጀመረች።

«መጀመሪያማ እቀባ ነበር፤ አልዋሽሽም ልጄ። በኋላ ግራዬ እየዳነ ቀኜ ባለበት ቀረ። ታዲያ አንዱን እያዳንኩ አንዱን ቁጭ ብዬ ልየው? ቀኝ ክንዴ ምን በደለ?»

«ስለዚህ ሰማያዊውን ለሁለቱም?»

«ለሁለቱም። ነጩ ለተሰነጠቀ ተረከዝ ነው እንጂ ለዚህ አይሆንም።»

«ሌሎቹስ?»

«የሌላውን እኔ በምን አውቃለሁ?» አሉ ልብስ ሰፊዋ፤ ጎረቤታቸው ግን ሳቋ አመለጣት። «አለቃ ናቸው የነገሩን» አለች።

መቆጣት ይገባት ነበር። የድካሟን ሁሉ ውጤት እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጠው አበላሽተውታል። ነገር ግን ካርቶኑን መሬት አስቀምጣ መሐላቸው ተቀመጠች፤ ከዚያም እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

ማረጋገጥ ነበረባት። ቤተ ሙከራዋ ገብታ ከሰማያዊውና ከነጩ ጥቂት ጥቂት አሟሟችና ስስ ሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን ጠብ አደረገቻቸው፤ የሰሌዳውንም ግርጌ ፈሳሽ ውስጥ አቆመች። ፈሳሹ ሰሌዳውን ቀስ እያለ ሲወጣ ከአጠገቡ አልተነቃነቀችም። ሐምራዊው መብራት ሥር ስታደርገው ነጩ ምንም አላሳየም። በሰማያዊው መስመር ላይ ግን ያ የምታውቀው ቢጫ ነጥብ ፍንትው ብሎ በራ። የቅጠሏ ነው። እፎይ አለች።

ሐኪሙ ነገሩን ሲሰማ እሱንም ሳቅ ያዘው። ወዲያው ለኃላፊው ደውሎ ለተክል ቤቱ የአንድ ዓመት ጊዜ አስፈቀደ። ስልኩን ሲዘጋ ግን ይህ ውጤት እንደማይቆጠርና ሁሉም እንደገና መጀመር እንዳለበት ነገራት። እነዚሁ ታካሚዎች ሰማያዊውን ቢያቆሙና ችፌው እስኪመለስባቸው ቢጠበቅ ሥራው ቶሎ ያልቃል፤ አዲስ ሰው መፈለግ ግን ዓመቱን ሙሉ ይበላዋል። እንዳለው ልታደርግ ተስማምታ ወጣች።

ልብስ ሰፊዋ ለመሄድ ተነስተው ነበር። ኬሚስቷ ነገሩን አስረዳቻቸው። እሳቸውም እጅጌያቸውን ዳበስ አደረጉ።

«ነጭ ጨርቅ የሚያመጡልኝ ደንበኞች ገና አሁን መመለሳቸው ነው» አሉ። «ክንዴ ጨርቁን ደም እያስነካ ሁሉም ሸሽቶኝ ነበር።» ከቦርሳቸው ግማሽ የቀረው ባለ ሰማያዊ ክዳን ቱቦ አወጡ። «ረሳሁት ብዬ ነበር፤ አልረሳሁትም። ለሌላ ሰው የሚጠቅም ከሆነ ግን እንኪ።»

ኬሚስቷ ቱቦውን ተቀበለች። ሽቅብ ተጠቅልሎ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል። አንዲት ጠብታ እንዳትቀርባቸው ነው። አንጀቷን በላት። እጃቸውን ይዛ ቱቦውን መዳፋቸው ላይ መልሳ አስቀመጠችና ጣቶቻቸውን አጠፈችባቸው።

«ለሁለቱም ይቀቡት እትዬ» አለች። «ሐኪሙ እንዲያይዎት ብቻ ቀጠሮዎን አይቅሩ።»

ከዚያም ወደ ሐኪሙ ክፍል ተመልሳ በሩን ከፈተች።

«አዲስ ሰዎች እንፈልጋለን» አለችው። «ከእነዚህ አንዱንም አናስቆምም።»