ያልተነካ መሬት

ባለ ሽንኩርቷ ለጎርፍ መከላከያ ድጎማ ካመለከተች አራት ወር ሆኗታል። የምትፈልገው አንድ በድንጋይ የተገነባ ቦይ ነው፤ ማሳዋን መሃል ለመሃል ሰንጥቆ ውሃውን ወደ ወንዙ የሚያወርድ። ደንቡ ግን ቁርጥ ያለ ነበር። የድጎማው ገምጋሚ መጥቶ ያልተነካውን መሬት ፎቶ ሳያነሳ አንዲት አካፋ አፈር ያነሳ ገበሬ ይሰረዛል። እሷም ቦዩ የሚያልፍበትን በችካል ምልክት አድርጋ ቁጭ አለች።

አማቷ ግን መቀመጥ አልሆነላቸውም። ሰባን አልፈውም አካፋ ካልያዙ ቀኑ አይመሽላቸውም።

"ልጄ፣ ለጊዜው የአፈር ቦይ ልቆፍርልሽ፣ በሳምንት እጨርሰዋለሁ" ይሏታል፣ ደመና ባዩ ቁጥር።

"አባባ፣ በሞቴ እንዳይነኩት!"

በመጨረሻ አካፋዎቹን ዕቃ ቤት ቆለፈችባቸው።

ዝናቡ ማክሰኞ ወረደ። ሽንኩርቱ ሊነቀል የቀረው ሁለት ሳምንት ብቻ ነበር። ጎርፉ ማሳውን ጠራርጎ ወሰደ፤ ሲሄድም ችካሎቹን ነቃቅሎ፣ በዚያው መስመር እስከ ጉልበት የሚያስገባ ቦይ ቆፍሮ ሄደ። ማልቀስ እንዳለባት ታውቃለች። እንባው ግን አልመጣም፤ ውስጧ ድንዝዝ ብሏል።

ገምጋሚው ሐሙስ ደረሰ። ቦዩን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ።

"ማን ቆፈረው?"

"ጎርፉ።"

ቅጹን ገለበጠ፤ ጎርፍ ለቆፈረው የሚሆን ቦታ አላገኘም። ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ይሻላት ነበር፣ ቢያንስ የምትሰድበው ታገኛለች።

"እህቴ፣ እኔ አምንሻለሁ። አለቆቼ ግን ፎቶውን አይተው 'ሥራው ተጀምሯል' ነው የሚሉት። ድፈኑትና ሰኞ መጥቼ ፎቶ ላንሳው፤ ያኔ ይጸድቃል።"

"እሺ" አለች። ድምጿ ለራሷ የሌላ ሰው መሰላት።

ገምጋሚው እንደሄደ ዕቃ ቤቱን ከፍታ ሁለት አካፋ አወጣች። ሽማግሌው አንዱን ተቀበሏት።

"አይቆፍሩ አልሽኝ፣ ተውኩ። አሁን ደግሞ ይድፈኑ?"

"አዎ፣ አባባ።"

አልተቆጧትም። ቢቆጧት ምናለበት! አፈሩን መመለስ ጀመሩ። ከጭቃው ውስጥ አልፎ አልፎ ሽንኩርት ብቅ ይላል፤ እሳቸው እየጠረጉ ዳር ያስቀምጡታል፣ እሷ ከነአፈሩ ትደፍነዋለች።

ከሰዓት በኋላ ሰማዩ እንደገና ጠቆረ። ሽማግሌው አካፋቸውን ተደግፈው ቀና አሉ።

"ልጄ፣ እንተወው። ጎርፉ ሲመጣ እንኳ መሄጃ ያገኛል።"

"ፎቶው ሰኞ ነው" አለችና አካፋዋን ሞላች።