ከክኒኑ በኋላ የተቀዳ ደም

ለሐኪም የተነገረ ሐሰት፣ ከፍቅር የመነጨ ቢሆን እንኳ፣ ከሟች ጋር አይቀበርም፤ ሌላ በሽተኛ ፍለጋ ይሄዳል። ዘካሪያስ ይህን የተረዳው በሚስቱ በድንቅነሽ ሠልስት፣ ቃሊቲ ከባቡሩ ማብቂያ ጀርባ በተተከለው ድንኳን ውስጥ ነው።

«አንድ ቀን እኮ ከባቡር ወርዳ በሱቄ ስታልፍ» ይሉ ነበር ጎረቤቱ ጋሽ ሮሪሳ ንፍሮ እየዘገኑ፣ «‹ጋሽ ሮሪሳ፣ ማስታወቂያዎ ደብዝዟል፤ ያስቀቡት እንጂ!› አለችኝ። ‹ደግሞ ማን ሊያነበው?› ብላት፣ ‹እኔ!› አትለኝም!»

ድንኳኑ ሳቀ፤ ወዲያውም አፈረ።

ዘካሪያስ ግን ፈገግታው ቶሎ አልለቀቀውም። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሁለቱ ባቡር ይሳፈሩ ነበር፤ የትም ለመድረስ ሳይሆን፣ እስከ ሌላው ጫፍ ደርሰው ለመመለስ። ድንቅነሽ መምህርት ነበረችና፣ በመስኮቱ የሚያልፈውን የሱቅ ጽሑፍ ሁሉ ለክፍል እንደምታነብ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታነብለት ነበር። ተሳፋሪው ዞሮ ሲያያት የሚያፍረው እርሱ ነበር። አንድ እሑድ ሳሪስ ላይ ዝም አለች። «ምነው?» ቢላት ግራ ዐይኗን በመዳፏ ከድና፣ «ዛኪ፣ ቀኙ አያነብም» አለችው።

ዘካሪያስ መድኃኒት ቤት አለው። ሐኪም ሳያያት ፕሬድኒሶሎን የተባለውን፣ የሰውነትን የመከላከል ኃይል የሚያበርድ ክኒን ከራሱ መደርደሪያ አውርዶ ሰጣት። በሁለተኛው ሳምንት ማንበብ ጀመረች፤ በደስታ እጁን ሳመችው። ከሦስት ወር በኋላ ግን፣ ክኒኑን ሳታቋርጥ፣ እግሯ ከዳት። ሆስፒታል ሲደርሱ ዶክተር ማህሌት ደም ከመቅዳቷ በፊት፣ «የጀመረችው መድኃኒት አለ?» ብላ ጠየቀች። ያለ ማዘዣ መስጠቱ ፈቃዱን እንደሚያሳጣው ያውቃልና፣ «የለም» አለ። ድንቅነሽ ዞራ አየችው፤ አላጋለጠችውም።

በደሟ ውስጥ የተፈለገው ምልክት፣ ሰውነት የገዛ ነርቩን እንዲወጋ የሚያደርገው ፀረ እንግዳ አካል፣ አልተገኘም። ስለዚህ ለሌላ ተመሳሳይ ሕመም የሚሰጥ መርፌ ታዘዘላት፤ መርፌውም አባሰባት፤ ከዚያ በኋላ አልተነሣችም።

ዶክተር ማህሌት ከቀትር በኋላ ወደ ድንኳኑ ገብታ፣ ከዘካሪያስና እጃቸውን በጉልበቱ ላይ ካሳረፉት ከአማቱ ከእማማ አደሴ ፊት ተቀመጠች።

«እግዚአብሔር ያጽናችሁ» አለች። «አቶ ዘካሪያስ፣ ቢያጽናናዎት ብዬ ነው የምነግርዎት። በመጨረሻ የተነሣችው የአንጎልና የአከርካሪ ምስል ሕመሟ ያ መጀመሪያ የጠረጠርነው እንደ ነበረ አሳይቷል። ታዲያ ሕመሙ ኖሮባቸው ምልክቱ በደማቸው የማይታይባቸውን ሰዎች ለመለየት አዲስ ምልክት እየፈለግን ነው። በፈቃዷ ያስቀመጥነው ደም መነሻችን ሆኗል፤ የሌሎቹን ሁሉ ከእርሷ ጋር እናስተያያለን።»

«እሰይ!» አሉ እማማ አደሴ። «መምህርት ሆና ኖራ መምህርት ሆና ሞተች በሉኛ!»

ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን በአድናቆት ነቀነቁ። ዘካሪያስ ዝም ቢል እናቲቱ መጽናኛቸውን፣ እርሱም እንጀራውን ይዘው ይኖራሉ፤ የማያውቃቸው በሽተኞች ደም ግን በተሳሳተ ሚዛን ይለካል።

«ዶክተር፣ ያንን ደም አይመኑት» አለ።

«ምን ማለትዎ ነው?»

«ፕሬድኒሶሎን ሰጥቻት ነበር። ሦስት ወር። ሲጠይቁኝ ዋሸሁ።»

ማህሌት ፊቷን ወደ እርሱ መለሰች። «ክኒኑ ምልክቱን ሸፍኖት ይሆናላ! ባውቅ ኖሮ ያንን መርፌ አላዝም ነበር።»

«ዐውቃለሁ።»

«በጽሑፍ ይሰጡኛል?»

«እሰጣለሁ።»

እማማ አደሴ እጃቸውን ከጉልበቱ ላይ አነሡ። «እርሷ ታውቅ ነበር?»

«ታውቅ ነበር፣ እማማ።»

«አውቃ ነው ዝም ያለችው?»

«ስለ እኔ ብላ።»

አሮጊቷ ተነሥተው ከሴቶቹ ወገን ተቀመጡ። እስከ ሰባቱ ቀን አላናገሩትም።

የድንቅነሽ ደም ከጥናቱ መነሻነት ወጣ። ዘካሪያስም በእጁ የጻፈው ቃል ለሚመለከተው ክፍል ደርሶ፣ በወሩ ፈቃዱ ለዘለቄታው ተሰረዘ፤ መድኃኒት ቤቱም እንዲታሸግ ተወሰነ። ተቆጣጣሪው የእሸጋውን ወረቀት በሩ ላይ ሲለጥፍ፣ በአስፋልቱ የሚያልፍ የጭነት መኪና ነፋስ ጥጉን ገነጠለው። ዘካሪያስ ቀረብ ብሎ በመዳፉ ያዘው። ሙጫው ደርቆ፣ ተቆጣጣሪው «በቃ፣ ይዟል» ካለውም በኋላ፣ እጁን ከበሩ አላነሣም።