ቀበቶዋን የፈታችው አዋላጅ

ገላኔ የባምባሲ ልጅ ናት። ጾሬ የስደተኞች መጠለያ ውስጥ ለአንድ የእርዳታ ድርጅት በአዋላጅነት ስትሠራ ዓመታት አልፈዋል። ባልደረቦቿ «ሲስተር» ይሏታል፤ የሱዳን እናቶች ደግሞ በራሳቸው ቋንቋ አዋላጅ ለማለት «ዳያ»።

በነሐሴ ወር አንድ ከሰዓት በኋላ ነዕማ የምትባል ሱዳናዊት በመጠለያው ጤና ጣቢያ ወንድ ልጅ ወለደች። ልጁ ደህና ነበር። የእናቲቱ ደም ግን አልቆም አለ። ገላኔ መድኃኒት ሰጠቻት፣ ማህፀኗን አሸችላት፤ ደሙ ጋብ ይልና መልሶ ይመጣል። ወደ አሶሳ ሆስፒታል ከመውሰድ ሌላ ምርጫ አልነበረም።

የድርጅቱን ላንድክሩዘር የሚነዳው ባቢከር ነው፤ የአሶሳ ዙሪያ ተወላጅ፣ ዕድሜው ጠና ያለ፣ መንገዱን እንደ ጓሮው የሚያውቅ ሰው። ነዕማን ቃሬዛ ላይ አስተኝተው አሰሯት። እናቷ ሕፃኑን ታቅፋ ከሾፌሩ አጠገብ ተቀመጠች። ገላኔም ከኋላ ተቀምጣ ቀበቶዋን አሰረች፤ ሳታስር ተጉዛ አታውቅም። ከመጠለያው ወጥተው ጥቂት እንደሄዱ ግን ከቃሬዛው ሥር ደም ሲንጠባጠብ አየች። እንደታሰረች እጇ ነዕማ ሆድ ላይ አይደርስም። ቀበቶውን ፈታ ወለሉ ላይ ተንበረከከችና በሁለት እጇ ተጫነች። ደሙ ቆም አለ። ላላ ስታደርግ ይመጣል፣ ስትጫን ይቆማል።

እንዲህ እየሄዱ ሳለ አንድ ባጃጅ ከጎን ዘው ብሎ ገባ። ባቢከር እሱን አድናለሁ ሲል ጎማው ጭቃ ላይ ተንሸራተተና መኪናው ቦይ ውስጥ ገብቶ በጎኑ ተጋደመ። ነዕማ ቃሬዛዋ ላይ ታስራ ስለነበር አልተነካችም፤ ከፊት ያሉትንም ቀበቶ አተረፋቸው። ገላኔ ግን ተወርውራ ከበሩ ብረት ጋር ተላተመች። ቀኝ ክርኗ ተሰበረ። ሌላ መኪና አንስቷቸው አሶሳ እስኪገቡ ድረስ በግራ እጇ ብቻ ስትጫን ነበር።

ነዕማ ደም ተሰጣትና ተረፈች።

የገላኔ ክንድ በጄሶ ተጠቀለለ። ጣቶቿ ግን አልታዘዝ አሉ። ሐኪሙ ነርቭ እንደተጎዳ፣ አዲስ አበባ ሄዳ ቀዶ ሕክምና ማድረግ እንዳለባት፣ ከዘገየች ጣቶቿ እንደዚያው ደርቀው ሊቀሩ እንደሚችሉ ነገራት። ድርጅቱ ለሠራተኞቹ የአደጋ መድን ገብቶ ስለነበር መጀመሪያ ላይ አልተጨነቀችም።

የመድን ኩባንያው አሶሳ ቅርንጫፍ የካሳ ሠራተኛ ነገራ ይባላል፤ ትሑት ወጣት ነው። ወንበር ስቦ አስቀመጣትና ውሉን አነበበላት። መኪና ውስጥ ቀበቶ ሳያስር ለተጎዳ ሠራተኛ ኩባንያው ካሳ አይከፍልም። ገላኔ ደግሞ ቀበቶዋን መፍታቷን ሾፌሩ ራሱ በቃሉ ተናግሯል።

ገላኔ የሆነውን ሁሉ ከመጀመሪያው አንስታ አስረዳችው። ነገራ ሳያቋርጣት አዳመጠ።

«መኪናው እንዲቆም ለምን አላደረጉም?» አላት በመጨረሻ።

«ቆመን ምን እንጠብቅ? ደም ያለው አሶሳ ነው።»

አንገቱን ደፋ። ነገሩ ለእሱ እንደሚገባው፣ ውሉ ግን ላላሰረ አይከፈልም ከማለት በቀር ለምን አላሰረም ብሎ እንደማይጠይቅ ነገራት። ገላኔ ወረቀቶቿን ሰብስባ ወጣች። ሰውየው ቢያመናጭቃት ይሻላት ነበር፤ መልሳ ትጮህበት ነበር።

በድርጅቱ ቢሮም የሠራተኛ አስተዳደሩ ኃላፊ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አንድ መላ ነገራት። ሾፌር ወደፊት እያየ ነው የሚነዳው፤ ከኋላ ማን እንደታሰረ በምን ያውቃል? ባቢከር ቃሉን ቢያስተካክል ነገሩ ያልቃል።

ባቢከር በማግሥቱ ራሱ ቤቷ ድረስ መጣ። ቃል ሲሰጥ እውነቱን መናገሩ እንደ ጥፋት ሆኖበት ፊቱ ጠቁሯል። አማርኛው ሁለተኛ ቋንቋው ነውና ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ነው የሚለው።

«ሲስተር፣ አንተ ታስረህ ነበር እላለሁ» አለ። «ወላሂ አልልም። እንዲሁ ዝም ብዬ እላለሁ።»

ገላኔ ወዲያው እምቢ አላለችም። የማይታዘዙ ጣቶቿን ቁልቁል አየች። አንድም ሰው የማይጎዳ ውሸት ነው፤ ያውም እሺ ብትል ነገ መሄድ ትችላለች። እያሰበችው ስትሄድ ግን ንዴቷ መጣ።

«ታስሬ ነበር ካልን፣ ነዕማን ማን ያዛት? ደሟ በራሱ ቆመ ልንል ነው? አይሆንም፣ ጋሽ ባቢከር። ፈትቻለሁ። ዛሬም ቢሆን እፈታለሁ።»

ለመድን ኩባንያው ዋና መሥሪያ ቤት ይግባኝ አለች። ከዚያ በኋላ ያለው መጠበቅ ነው። ስትደውል ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው፤ ደግማ ስትደውል ፈቃድ ወጥቷል፤ ሌላ ሰው ያነሳና ታሪኩን እንደገና ከሥሩ ያስተርካታል። ዝናቡ አቆመ። ጄሶው ተነሣ። ጣቶቿ እየቀጠኑ ሄዱ።

ነዕማ ነገሩን የሰማችው ከባቢከር ነው። ማንም ሳይልካት ልጇን አዝላ አሶሳ መጣችና ነገራ ፊት ቆመች። እሷ በዓረብኛ ስትናገር ባቢከር ይተረጉማል።

«ይህች ሴት እጇን አንስታ ቢሆን ልጄ ዛሬ እናት የለውም ነበር። ምን ማድረግ ነበረባት? እናንተ ንገሩኝ።»

ነገራ ቃሏን ጽፎ ወደ በላይ ላከው።

በመጨረሻ መልስ መጣ። ኩባንያው የመክፈል ግዴታ የለበትም፤ ሆኖም በልዩ አስተያየት ግማሹን ይከፍላል። ገላኔን ከግማሹ ይልቅ ያቃጠላት «በልዩ አስተያየት» የሚለው ቃል ነው። የሚገባትን ጠየቀች እንጂ ምጽዋት አልለመነችም። ልትመልሰው አሰበች፤ እጇ ግን ጊዜ አይሰጥም። ልትቀበል ሄዳ በግራዋ ስትፈርም፣ ገንዘብ ቤት የተቀመጠችው ሴት ፊርማው ፋይል ላይ ካለው ጋር አይመሳሰልም አለች። ቀኝ እጇ እንደማይጽፍ ከሆስፒታል ማስረጃ እንድታመጣ ጠየቀቻት። ገላኔ ሳቋ መጣ፤ ከዚያ እዚያው ቆማ አለቀሰች። ማስረጃውንም አመጣች።

አዲስ አበባ ቀዶ ሕክምናው ተሠራላት። ሐኪሙ ቀደም ብላ ብትመጣ ኖሮ ጥሩ ነበር አላት። ሦስቱ ጣቶቿ ተመለሱ፤ ሁለቱ እንደ ደነዘዙ ቀሩ። አሁን ጾሬ ተመልሳለች። ወጣቶቹ ሲያዋልዱ ከኋላ ቆማ ትነግራቸዋለች እንጂ ሕፃን በእጇ አትቀበልም።

በቅርቡ ድርጅቱ ሠራተኞቹን ሰብስቦ መኪና እየሄደ ቀበቶ መፍታት ፈጽሞ ክልክል መሆኑን አስታወቀ። ገላኔ ተነሣች።

«እናት ደም እየፈሰሳትስ?»

ሰብሳቢው ጥያቄው ተገቢ መሆኑንና ለበላይ አካል እንደሚቀርብ ነገራት። እስካሁን የመጣ መልስ የለም። ላንድክሩዘሩ ግን በየሳምንቱ እናቶችን ይዞ ወደ አሶሳ ይሄዳል።