ካሜራውን የያዘው ሰው

ቆርጦ ማውጣቱስ ባልከበደ፣ መቀስ የምትመስለዋን ምልክት መጫን፣ ከየት እስከ የት እንደሆነ ማሳየት፣ አለቀ፣ ግን ምኑን ትቁረጥ፣ ሰውየው የትም የለም። ሦስቱንም ካሴት አየች። የአባቷ ታናሽ ወንድም፣ አጎቷ፣ አንድም ቦታ ፊቱ የለም፣ ካሜራውን የያዘው እሱ ነዋ።

ያንን ሰው አውጪልኝ ነው ያለቻት እናቷ፣ ሲዲው ላይ እንዳላየው፣ ዲቪዲ ነው እማዬ፣ የፈለገውን ይሁን፣ ወንድሙን ለመቅበር ያልመጣ ሰው እኔ ሳሎን ምን ሊሠራ ይመጣል። ከቀብሩ አሥራ ሁለት ዓመት። ለምን እንደቀረ የጠየቀው የለም፣ እሷም አልጠየቀችም። እንዳላየው ትላለች ደግሞ እናቷ፣ ዓይኗ ከደከመ ወዲህ የመስኮት ብርሃንና የሰው ጥላ እንጂ ምን ታያለች፣ ሐኪሙም ቁርጡን ነግሯታል።

ካሴቱ ይዞራል። አሮጌው ማጫወቻ በገመድ ከኮምፒውተሩ ጋር ተያይዟል፣ የአንድ ሰዓቱ ካሴት አንድ ሰዓት ይፈጃል፣ መጣደፍ የለም፣ ቁጭ ብሎ ማየት ነው፣ ላብራቶሪም ቀኑን ሙሉ የምትሠራው ይሄንኑ ነው፣ የማታውቀው ሰው ደም፣ አይቶ ውጤቱን መጻፍ፣ ማዘን የለ መደሰት የለ። ይሄንንም እንደዚያው ታያለች። ሴትዮ፣ ዕድሜ ሠላሳ አምስት ግድም፣ አረንጓዴ ቀሚስ፣ ልብስ እያሰጣች። እናቷ። ምን ትቀርጸኛለህ አንተ ሥራ ፈት፣ አምሮብሽ ነዋ እትዬ፣ እስቲ ወደ ብርሃኑ ዞር በይ፣ ሂድ ወንድምህን ቅረጽ፣ እሱ እንቅልፋም ምኑ ይቀረጻል፣ ሰማሁህ ይላል አባቷ ከውስጥ፣ ሦስቱም ይስቃሉ፣ ምስሉ ይንቀጠቀጣል፣ ካሜራውን የያዘው የሚስቅ እጅ ነው።

ድምፁን ታጠፋዋለች። የእናቷ አፍ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ለማታይ ሴት ድምፅ የሌለው ፊልም፣ ባዶ ሳህን ማቅረብ በይው። አባቷም አብሮ ጠፋ። ቆይ፣ አባቷ በምስልም ብዙ የለም፣ ያለው በድምፁ ነው፣ ድምፁም ያለው ለዚያ ሰው ሲመልስለት ነው፣ አንዱን ነቅሎ ሌላውን ማስቀረት አይሆንም፣ ሞከረች፣ አይሆንም።

ትመልሰዋለች።

ባለፈው ሳምንት ለሙከራ የወሰደችው ዲስክ አልሠራም፣ ፋይሉን እንዲሁ ገልብጣው ኖሮ የእናቷ ማጫወቻ አላነብም ብሎ ተፋው፣ ተይው ይቅርብኝ አለች እናቷ፣ ቅር ያላት ግን ፊቷ ላይ ነበር። ዛሬ ዲቪዲ ቪዲዮ የሚለውን ትመርጣለች። ጻፍ የሚለውን ትጫናለች። አራት በመቶ፣ ዘጠኝ በመቶ፣ ምንም ሳይቆረጥ።

እሁድ ከሰዓት፣ የእናቷ ሳሎን። ማጫወቻው ዲስኩን ይውጣል፣ ያንጎራጉራል፣ ይነሳል። እማዬ፣ ላወጣው አልቻልኩም፣ ሁሉም ውስጥ አለ። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ምሳ እየተበላ ነው፣ አጎቷ አንድ ነገር ይላል፣ እናቷን በሳቅ ትንታ ይይዛታል፣ ተው እንጂ አታስቃት ይላል አባቷ፣ ምን አደረኳት ይላል ያኛው፣ ውሃ ስጧት። ሪሞቱ በልጅየዋ እጅ ነው፣ አውራ ጣቷ ማጥፊያው ላይ፣ የእናቷን ቁጣ እየጠበቀች፣ ብትቆጣ አይፈረድባትም፣ ቃሏን አላከበረችላትም። እናቷ ግን አንገቷን ወደ ድምፁ ዘንበል አድርጋለች፣ ዓይኗ ግድግዳው ላይ ነው።

አልሰማም፣ ጨምሪው።

የማንን ድምፅ ብላ አትጠይቅም። ትጨምራለች።