የመምህሩ መርፌ

ድሬዳዋ በተደረገው የክረምቱ የመምህራን ሴሚናር ላይ አንድ የጤና ረዳት ስለ ኤድስ ሊያስተምረን መጣ። ስለ ሴተኛ አዳሪዎች ሲያወራ ሳቅን። ሁላችንም የገጠር መምህራን ነን፤ በየወሩ ደመወዝ ልንቀበል ድሬዳዋ ስንገባ ደቻቱ ወንዝ ዳር ማን የማን ቤት እንደሚያድር እንተዋወቃለን።

ቀጠለና «በአንድ መርፌ ሁለት ሰው አይወጋም» አለ። እኔ ሳቄን አቆምኩ።

መንደራችን ክሊኒክ የለውም። ፔኒሲሊን የምወጋው እኔ ነኝ፤ ፊደል ስለቆጠርኩ ብቻ። መርፌዬ አንዲት ናት፤ በአረቄ ጠርጌ መልሼ አስቀምጣታለሁ። ከከተማ ጨብጥ ይዤ የተመለስኩ እንደሆነ መጀመሪያ ራሴን እወጋለሁ። በማግስቱ በዚያችው መርፌ የታመሙ ተማሪዎቼን እወጋለሁ። ደግሞ እኮ በዚህ ስኮራ ነው የኖርኩት።

ስንወጣ አብዲራህማን በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። የመንደሬ ሰው ነው፤ ጫት ሊሸጥ መጥቶ ነው። ልጁ ቱሪያ አራተኛ ክፍል ተማሪዬ ናት።

«መምህር፣ ቱሪያን ደግሞ ትኩሳት ያዛት» አለኝ። «እዚህ ሐኪም ቤት ልውሰድሽ ብላት እምቢ ብላ ቀረች። የመምህሬ መርፌ አያምም ትላለች።»