የካርዱ ስም

ልጄ ሲምረት በስሜ ትጠራኛለች። ሁለት ዓመት ሳይሞላት ነው ለእናቴ ጥያት ኩዌት የገባሁት። እናቴን «እማዬ»፣ እኔን «በላይነሽ» እያለች አደገች። ስደውል «ደህና ነኝ በላይነሽ» ትልና ስልኩን ለእናቴ ታቀብላለች። ጎረቤት የደወለች ይመስል!

ኮሮና ሲመጣ ሙባረክ አል-ከቢር በሚባለው ሰፈር ያለን የቤት ሠራተኞች ከቤት መውጣት ተከለከልን። የምንተያየው ቆሻሻ ስንጥል ብቻ ነበር። ከመካከላችን ዘነበወርቅ አገር ልትገባ ነው ሲባል ሁላችንም ቪዲዮ ቀድተን ሚሞሪ ካርዳችንን ገንዳው ጋ ማቀበል ጀመርን። ገጠር ኢንተርኔት የት አለና!

ችግሩ ካርዶቹ አይለዩም። ከዚህ በፊት በሌላ ሰው ስንልክ የኑሪያ ካርድ አበበች ቤተሰቦች ቤት ገብቶ፣ ዓይናቸው የደከመው አባቷ ኑሪያን ልጄ ናት ብለው መርቀው ቁጭ አሉ። ወረቀት ብንለጥፍበትም በሙቀቱ ይላቀቃል።

አሠሪዬ ማዳም መሀል ከተማ ሻርቅ ያለው ቢሮዋ ስለተዘጋ ከቤት ነበር የምትሠራው። ነገሩን ስነግራት ስቃ ኮምፒውተሯ ላይ ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር መስኮት ከፈተችልኝ። እዚያ ላይ ለካርዱ ስም የሚያወጣው ትእዛዝ በእጅ ይጻፋል፤ መጀመሪያ label፣ ቀጥሎ ኮምፒውተሩ ለካርዱ የሰጠው ፊደል፣ ከዚያ ስሙ።

«ፎርማት የሚለውን እንዳትነኪ፤ ሁሉም ይጠፋል፣ ኸላስ፣ አለቀ!» አለችኝ። ስሙ ደግሞ ክፍተቱም ተቆጥሮ ከአሥራ አንድ ፊደል መብለጥ የለበትም፤ ያውም በፈረንጅ ፊደል።

የየላኪዋን ስም ጻፍኩ፤ NURIYA፣ ABEBECH እያልኩ። የራሴ ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። በላይነሽ ብዬ ብጽፍ ያው በላይነሽ ሆኜ ልቀር ነው። EMAYE ብዬ ጻፍኩ። ከእናቴ የቀማሁ መስሎኝ አፈርኩ፤ ግን አላጠፋሁትም።

ካርዱን ለሲምረት የሚከፍትላት ወረዳ ከተማው ላይ ሞባይል የሚጠግነው ወንድሜ እስራኤል ነው። ስሙን እንደሚያነብላት አውቃለሁ። ካርዱ ከደረሰ በኋላ ስደውል ግን በላይነሽም ማለት ተወች፤ «ደህና ነኝ» ብቻ። ምን አቅበጠበጠኝ ብዬ ራሴን ረገምኩ። ያቺኑም «በላይነሽ» ማለቷን ናፈቅሁ።

መንገድ ተከፍቶ ዘነበወርቅ ስትመለስ ካርዴን ይዛልኝ መጣች። ማዳምን አስፈቅጄ ሰካሁትና፣ ቪዲዮውን ሳልነካ በፊት ጥቁሩ መስኮት ላይ ስሙን ጠየቅሁ። ተቀይሯል።

EMAYE BELAY ይላል።

ቪዲዮውን ከፈትኩ። ሲምረት የፊት ጥርሷ ወልቋል፤ እስራኤል ላይ ተቆጥታለች።

«ሁለት እማዬ ነው ያለኝ። እንዳይምታታ ስሟን ጨምርበት ስለው ቦታ የለም ብሎ ቆረጠው!» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «የቀረውን ስትመጪ እንጽፈዋለን፤ እሺ እማዬ?»

«እሺ» አልኩ ለኮምፒውተሩ፤ እንባዬ እየወረደ።

«በላይነሽ!» ብላ ማዳም ከኩሽና ተጣራች። ሰምቼ እንዳልሰማሁ ሆንኩና ልጄን መልሼ ከፈትኳት።